ጎመን ለመብላት ሐዋሳ ድረስ

ማክሰኞ፣ ንጋት፣ አዲስ አበባ

የበረዶ ሣጥኑ ከእኔ ቀድሞ መኪና ውስጥ ገባ። ሾፌራችን ጋሽ ታምሩ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡትና ቀበቶ አሰሩለት። «ይሄ ካንቺ ይሻላል፤ ቀበቶ እሰር ሲሉት አይከራከርም» አሉኝ። ጎህ ገና አልቀደደም። በሰፈሬ ከእኛ ሌላ የነቃ ቢኖር ነጠላ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘግሙ ሴቶችና ዳቦ ቤቱ ብቻ ነው።

ሣጥኑ የተቀመጠበት ቦታ ድሮ የባልደረባዬ ነበር። ብዙ ዓመት አብረን አገር ለአገር ዞረናል፤ እሷ ጠርሙስ ስትይዝ እኔ እሞላለሁ፣ እኔ ስቆፍር እሷ ትጽፋለች፣ ማታ ማታ ደግሞ የአለቃችንን አነጋገር እየቀዳን እንስቃለን። ባለፈው ክረምት የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባች። ደስ ብሎኛል ብዬ ኬክ አስቆርጬላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ የምጓዘው ከሣጥን ጋር ነው።

ሥራዬን ለማታውቁ ላስረዳ። ፋብሪካዎች የሚለቁት ውሃና በዙሪያቸው ያለው አፈር ሕግ ከሚፈቅደው በላይ ተበክሎ እንደሆነ የሚያጣራ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ፋብሪካው ራሱ ይቀጥረናል፣ ናሙና እንወስዳለን፣ ላቦራቶሪ ይመረምረዋል፣ ሪፖርቱ ለሚመለከተው ቢሮ ይገባል። በዚህ ምክንያት በደረስኩበት ሁሉ ደስ ብሎት የሚቀበለኝ የለም። ፋብሪካው ሰላይ መጣችብን ይላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ የፋብሪካው ሰው ናት ብሎ ይሸሸኛል። በሁለቱ መሀል ጓንት አድርጌ እቆማለሁ።

ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ

ፈጣን መንገዱ ላይ ስንወጣ ጋሽ ታምሩ ይነቃሉ። የሐዋሳ ልጅ ናቸው፤ ወደ አገራቸው ሲነዱ መሪውን የሚይዙት በአንድ እጅ ነው። ሌላኛው እጅ ለወሬ ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ ግራር፣ አቧራ፣ የአህያ ጋሪ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ እንደገና ግራር። መቂ ላይ የሽንኩርት ጆንያ እንደ ግንብ ተደርድሯል። ቲማቲም በሣጥን የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ዘግተው ይጨቃጨቃሉ። ባቱ ስንደርስ ቁርስ በላን፤ የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ። ጋሽ ታምሩ አከርካሪውን እንደ ሰዓት ሠሪ አወጡት።

«ማታ የት ነው የምታድሪው?» አሉኝ።

«ሐይቅ ዳር፣ ሆቴል ተይዞልኛል።»

«እህቴ ቤት ሰፊ ነው። አልጋም አለ። ሆቴል ምን ያደርግልሻል?»

«ሥራ አለኝ ጋሼ፣ ጠርሙሶቼን ማዘጋጀት አለብኝ።»

«ጠርሙስ እህቴ ቤት አይዘጋጅም?» አሉና ወደ ዓሣቸው ተመለሱ። ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ ሁልጊዜ አንድ ምክንያት አላጣም። ለምን እንቢ እንደምል እኔም አላውቅም። ሰው ቤት ሄጄ ባል አለሽ ወይ፣ ልጅ አለሽ ወይ የሚለውን ጥያቄ ከመመለስ ግድግዳ ማየት ይቀለኛል መሰለኝ።

ከአርሲ ነገሌ በኋላ ዛፉ ይበዛል፣ አየሩም ይለወጣል። ሻሸመኔ ላይ ባጃጅ፣ ጋሪና ሰው አንድ ላይ ተደባልቆ፣ ማን ለማን እንደሚያሳልፍ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ከዚያ ብዙም ሳንቆይ ሐዋሳ ገባን። ሰፊው ጎዳና፣ ዘንባባው፣ ብስክሌቱ። ጋሽ ታምሩ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ቤታቸው ሲደርሱ የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ይጠነቀቃሉ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቅ ዳር

ጋሽ ታምሩ ወደ እህታቸው ሄዱ። እኔ ሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ ላይ ወክ አደረግሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጥላው ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች ፊት እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው የቆሙ ይመስላሉ። ቆንጆ አመሻሽ ነበር። ብቻዬን ስለሆንኩ መሰለኝ ያገኘኝ ጥንድ ሁሉ «እባክሽ ፎቶ አንሺን» ይለኛል። ስንቱን እንዳነሳሁ እግዜር ይወቀው። «አመሰግናለሁ፣ አንቺንስ እናንሳሽ?» ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አይ ተው አልኩት። ፎቶዬን የምልክለት ሰው ማሰብ አቅቶኝ ነው።

ረቡዕ፣ ጠዋት፣ ፋብሪካው

ስሙን አልጠራም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ክር የሚያቀልም ፋብሪካ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰለሞን በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። ግቢው ተጠርጓል፣ ሣሩ ውሃ ጠጥቷል፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀብቶ ገና አልደረቀም። ወደ ኋላ ዞሬ የቆሻሻ ውሃው የሚወጣበትን ቦይ ሳየው ኩልል ብሎ ይወርዳል። ሕፃን ሊታጠብበት ይችላል።

«ቀለም ቤቱ ዛሬ አይሠራም እንዴ?» አልኩት።

«ትንሽ ጥገና ላይ ነው።»

«መቼ ይጀምራል?»

«እርስዎ ሲሄ...» ብሎ ቆመ። ከዚያ ራሱ ሳቀ። «ኢንጂነር፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ?»

በአገራችን የዚህ ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው። ይጠረጋል። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ፋብሪካ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ሰውን ለማታለል ብለው ሳይሆን እንግዳ በተበላሸ ቤት መቀበል ነውር ስለሆነባቸው ቦያቸውን በንጹህ ውሃ ያጥቡታል። እኔ ደግሞ የምከፈለው ቤቱ ሳይጠረግ ለማየት ነው።

«ቤቱ ያምራል። ቀለም ቤቱ እስኪከፈት ግን እጠብቃለሁ። ዛሬ ካልሆነ ነገ» አልኩት።

አቶ ሰለሞን ክፉ ሰው አይደለም። ከክር ማድረቂያው የሚወጡትን ሴቶች እያሳየኝ «እነዚህ ሁሉ እንጀራቸው እዚህ ነው፤ ይህን አይርሱ» አለኝ። አልረሳም አልኩት፤ እውነቴን ነው። ምሳ ክትፎ አዘናል ሲለኝ ረቡዕ መሆኑን አስታወስኩት። «ውይ፣ እኛ ጋ ጾም ስለሌለ ረስቼው» አለና ይቅርታ ጠየቀኝ። የምመረምረው ቤት ምግብ አልበላም የሚል ሕግ አለኝ፤ ጾሙ ሕጌን ሳልናገር ገላገለኝ። ከአጥር ውጪ ባለ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ዳቦና ሙዝ በላሁ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከቦዩ በላይ ያለ ጓሮ

ቦዩ የሚያልፍበትን አካባቢ አፈር ማየት የሥራው ግዴታ ነው። ቦዩን ተከትዬ ስወርድ ከበላዩ ከፍ ብሎ የሚያምር የጎመን ጓሮ አየሁ። ዙሪያውን እንሰት ከቦታል፤ መሀሉ ላይ በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አለ። ባለቤቷ እትዬ ወርቅነሽ ይባላሉ፤ ስልሳን የተሻገሩ ይመስለኛል፤ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ ሲራመዱ መሬቱን የሚያዙ ሴት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ሐዋሳ ውስጥ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ጉልት ላይ ጎመን እየሸጡ ነው። ጎረቤታቸው ብርቱካንም አብራቸው ነበረች፤ እሷ ቃሪያና ድንች ትሸጣለች፤ ጉልት ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት።

ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው እንደሌላው ሰው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ግን እጄን ያዙኝ።

«እግዚአብሔር ነው የላከሽ። ሰው ያማዋል ይህን ጎመን። የፋብሪካ ውሃ ነው የሚጠጣው ይላሉ። እኔ ከጉድጓዴ ነው የማጠጣው፤ ብምል የሚሰማኝ የለም። መርምሪና ገላግይኝ።»

«ውጤቱን ግን አላውቀውም፤ መጥፎ ሊሆንም ይችላል እትዬ» አልኳቸው።

«መጥፎም ከሆነ ልወቀው። የልጅ ልጆቼ ይበሉታል እኮ።»

ሲነጋገሩ ሲዳምኛና አማርኛ ያፈራርቃሉ፤ ለእኔ ሲሆን አማርኛውን ቀስ ያደርጉልኛል። ጓንቴን አደረግሁ። ከጓሮው ከአራቱም ማዕዘን አፈር ቆፈርኩ፣ ከጉድጓዱ ውሃ ቀዳሁ፣ ከጎመኑም ቅጠል ቀጠፍኩና በየከረጢቱ ምልክት ጻፍኩበት። ብርቱካን እጅጌዋን ሰብስባ ከጉድጓዱ በገመድ እየሳበች ረዳችኝ። ለረጅም ጊዜ በሥራዬ ላይ ሰው እንዲህ አግዞኝ አያውቅም። ስለ ባልደረባዬ ነገርኳቸው፤ እነሱም ስለ ጉልት ሴቶች ጸብ አጫወቱኝ። ሳቅን።

ዕቃዬን ስሰበስብ እትዬ ወርቅነሽ ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ በአንድ እጃቸው የእጅ ማስታጠቢያ፣ በሌላው ትልቅ ሳህን ይዘዋል። ሳህኑ ላይ እነሱ ዋሳ፣ እኛ ቆጮ የምንለው፣ ከጎኑም በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ጎመን። ከዚያው ጓሮ። እንፋሎቱ ይወጣል።

«ታጠቢ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጾም ነኝ» አልኩ። ጠዋት የሠራ ነገር አሁንም ይሠራል ብዬ ነው።

እትዬ ወርቅነሽ ሳቁ። «ጎመን ነው እኮ! ቅቤ የለው፣ ሥጋ የለው። የእናንተ ሰዎች በጣም የሚገዙኝ ረቡዕና ዓርብ ነው።»

ዳቦና ሙዝ መብላቴን ደብቄ «ሰዓቱ...» ማለት ስጀምር፣ እንደኔው ኦርቶዶክስ የሆነችው ብርቱካን «ዘጠኝ ሰዓት አልፏል እህቴ፤ እኔም አሁን መብላቴ ነው» አለችኝ። ማምለጫ አጣሁ።

አንድ ሳህን ጎመን ማንንም እንደማይገድል ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ከማቅለሚያው የሚመጣ ከባድ ብረት ቢኖርበት እንኳ ጉዳቱ በዓመታት የሚጠራቀም ነው። ብበላው ምንም አልሆንም ነበር። ግን ሕጌ ሕግ ነው፤ ክትፎውን ትቼ ጎመኑን ብበላ ለማን አደላች ይባላል? ደግሞ ናሙና የያዝኩበት ጓንት ገና ኪሴ ውስጥ ነው። እናም እውነቱን ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ከዚህ መሬት የበቀለ መብላት ለሥራዬ አይሆንም።»

ብርቱካን ወደ ሳህኑ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች።

«ስለዚህ መርዝ ነው» አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

«አላልኩም።»

«አላልሽም። አልበላሽም ግን።»

ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቁጭ አሉና ከሳህኑ ቆርሰው፣ ቀስ ብለው፣ እያየኋቸው ብቻቸውን በሉ። ብርቱካን ልጅ ጠራኝ ብላ ሄደች። ማንም ሲጠራ ግን አልሰማሁም።

ሐሙስ፣ ፋብሪካውና ጉልቱ

ጠዋት ቀለም ቤቱ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ቦዩ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ አረፋ እየደፈቀ፣ ትኩስ ትኩሱን ይወርዳል። አቶ ሰለሞን ከአጠገቤ ቆሞ እጁን አጣምሮ አየኝ። «እንግዲህ ቤታችን ይሄ ነው» አለኝ። ጠርሙሶቼን ሞላሁ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ስላልነበረኝ ጋሽ ታምሩ ፒያሳ አውርደውኝ በእግሬ ወደ አዲስ ከተማ ሄድኩ። ለመንገድ ሙዝ ለመግዛት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሐዋሳ ላይ ሙዝ የሌለበት ማዕዘን የለም፤ የሄድኩት ወደ ጉልቱ ነው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። የቢሮ ሠራተኞች ወደ ቤት ሲመለሱ የወጥ አስቤዛ የሚገዙበት ሰዓት ነው፤ ባጃጆች እየቆሙ ያወርዳሉ። ሽንኩርቱ እየተመዘነ ነው፤ አቮካዶው በየክምሩ ያልቃል። የእትዬ ወርቅነሽ ጎመን ግን በእስር በእስሩ ተደርድሮ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ከጠዋት እንደመጣ አለ። ብርቱካን እስከ ትናንት ከጎናቸው የነበረ መቀመጫዋን ፈቀቅ አድርጋ በመሀላቸው የድንች ጆንያ አቁማለች። አንዲት ገዢ ጎመኑን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ከወዲያ ያለችው ሻጭ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት፤ ገዢዋ ቀና ብላ ሄደች። ቃል አልተነገረም።

«ደህና አመሹ እትዬ» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነሽ?» ፊታቸው ሰላምታ አልነሳኝም። የነሳኝ ፈገግታውን ነው።

«ጎመን ልገዛ ነበር።»

«ልትበይው?»

ብር ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

«ለምርመራ ከሆነ ትናንት ወስደሻል» አሉና ጎመናቸው ላይ ውሃ ረጩ።

ጉልቱ መሀል እንደ ተተከለ እንጨት ቆሜ ቀረሁ። ሴቶቹ ሁሉ እያዩኝ ነው፤ ያቺ ያልበላችው ሴትዮ እኔ መሆኔን አውቀዋል። አንዲት ቃል በአንዲት ከተማ ውስጥ ከመኪና በላይ ትሮጣለች፤ እኔ ደግሞ ያንን ቃል እንኳ አልተናገርኩም። እሳቸው የለመኑኝ ከሐሜት እንድገላግላቸው ነበር። ያደረግሁት ሐሜቱን ማተም ነው። ሆቴሌ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ፤ ደውዬ የምነግረው ሰው ፈልጌ የስልኬን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየሁት። ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ናት።

ዓርብ፣ መመለስ

ጋሽ ታምሩ በመንገድ ሁሉ ስለ እህታቸው ልጅ ሠርግ ሲያወሩ ቆዩና ዝምታዬ አልጥማቸው ሲል «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«አንድ ጉርሻ ብትወስጂ ኖሮ?» አሉ።

«ውጤቱ መጥፎ ቢሆንስ? በልታ ነበር፣ ደህና ነው ብላን ነበር ይሉኛል።»

ብዙ አሰቡበት። «እንግዲያው ሁለቱም ያው ነው» አሉ በመጨረሻ። መቂ ላይ ቲማቲም ገዙልኝ። በረዶው እስከ አዲስ አበባ አልቀለጠም፤ ናሙናዎቹን ለላቦራቶሪው አስረክቤ ባዶውን ሣጥን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ከሳምንታት በኋላ፣ አዲስ አበባ

ውጤቱ መጣ። የቦዩ ውሃ ብክለቱ ከተፈቀደው በላይ ነው፤ ፋብሪካው ማጣሪያውን እንዲያድስና ቦዩን በሲሚንቶ እንዲገነባው ጻፍኩ። አቶ ሰለሞን በስልክ ለረጅም ጊዜ ተከራከረኝ፣ በኋላም «ይሁን፣ እንሠራዋለን» አለ። የጓሮው አፈር፣ የጉድጓዱ ውሃ፣ የጎመኑ ቅጠል ግን ሦስቱም ከተፈቀደው እጅግ በታች ናቸው። ጓሮው ከፍ ያለ ስለሆነ ቦዩ አይደርስበትም። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። መደሰት ነበረብኝ፤ የታየኝ ግን ያ ያልነካሁት ሳህን ነው።

ለእትዬ ወርቅነሽ ደወልኩ።

«ንጹህ ነው እትዬ። ጎመንዎ ንጹህ ነው። ክረምት ቦዩ ሞልቶ ካልፈሰሰ በስተቀር...»

«የክረምቱን ክረምት ያውቃል። የዛሬውን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ዛሬ ንጹህ ነው። ወረቀቱን ልላክልዎት? ማኅተም አለው።»

ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል።

«ወረቀቱን ለማን ላሳየው? ለእያንዳንዱ ገዢ? ልጄ፣ እነሱ ያዩት ወረቀት አይደለም። አንቺ አለመብላትሽን ነው ያዩት። ጎመኑን ለላም እየሰጠሁ ነው።» ከዚያ ያለ ቁጣ፣ ስለ ገበያ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «እንግዲህ ደህና ዋይ» ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ፣ እንደገና ሐዋሳ

በዚህ ጉዞ ሥራ የለኝም፤ ጋሽ ታምሩም ሣጥኑም የሉም። ረፋድ ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ መጨረሻ ወንበር ላይ በሁለት ወፍራም ሰዎች መሀል ጠቀጠቀኝ። በስተቀኜ ያሉት አባት «ለሥራ ነው ልጄ?» ሲሉኝ «ጎመን ልበላ» አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው እስከ ባቱ ድረስ ሳቁብኝ። መስኮቱ አይከፈትም፣ ሬዲዮው አይዘጋም፣ ሻሸመኔ ላይ ጎማ ተቀየረ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። የላቦራቶሪው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ግን ያንን አውጥቼ ጉልት መሀል እንደማላነብ ገብቶኛል።

ሐዋሳ ስደርስ ፀሐይ እንደዚያን ቀን ዘቅዘቅ እያለች ነው። ጉልቱ ሞልቷል። እትዬ ወርቅነሽ ጥቂት ጎመን ብቻ ይዘው መጥተዋል፤ ብዙ ማምጣት ትተዋል። ሲያዩኝ አልተነሱም።

«መጣሽ?»

«መጣሁ። እትዬ፣ ምግብ ካለ ርቦኛል።»

አስተዋሉኝ። ከዚያ ከኋላቸው ካለ ዘንቢል የራሳቸውን ምሳ የያዙበትን ሳህን አወጡና ክዳኑን ከፈቱ። ቆጮና ጎመን። በጠርሙስ ውሃ አስታጠቡኝ። ድንጋይ ሳቡልኝና ተቀመጥኩ፤ መንገደኛው በላዬ ያልፋል፣ ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወሬያቸውን እያቆሙ ወደኔ ዞሩ። ቆረስኩ። ጎመኑ ቀዝቅዟል፤ ጥሩ ነበር፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይሰማል። እትዬ ወርቅነሽ አልነኩትም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚያዩት ሴቶቹን ነው።

እንዲህ በጎዳና ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ ብቻዬን መብላት ነውር ሆነብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩትን አደረግሁ። ቀና ብዬ ለሁሉም «እንብላ» አልኩ።

«ብሉ» አለች አንዷ ፊቷን ሳትመልስ። «በልተናል» አለች ሌላዋ። ብርቱካን ከድንች ጆንያዋ ጀርባ ሆና ቃሪያዋን ትደረድራለች። ሁለተኛ ቆረስኩ፣ ሦስተኛ። እንባዬ መጣ፤ ለመደበቅ አንገቴን ደፍቼ አላመጥኩ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ እንደገና ትዕይንት ብቻ ሆንኩ ብዬ አሰብኩ። ፋብሪካው ከፍሏት ነው የምትበላው እንደሚሉኝም እርግጠኛ ነበርኩ።

ጆንያው ሲጎተት ሰማሁ። ብርቱካን መጥታ ከአጠገቤ ቁጢጥ አለች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከሳህኑ ቆረሰች።

«ደህና ነው፤ ተመርምሯል፤ ወረቀቱም...» አልኳት።

«ወረቀትሽን አላውቅም» አለችኝ፤ አፏ ሙሉ ነው። «ሰው ብቻውን ሲበላ ማየት አልችልም።»

እትዬ ወርቅነሽም ያን ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ። ሴቶቹ እኔን ማየት ትተዋል፤ የሚያዩት ብርቱካንን ነው፣ ስትቆርስ፣ ስታላምጥ፣ ስትውጥ፣ ደግማ ስትዘረጋ። ቀይ ዘንቢል የያዘች አንዲት ሴት ከባጃጅ ወርዳ ጎመኑ ዘንድ ጎንበስ አለችና ወደ ብርቱካን ዞረች።

«ጥሩ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ብርቱካን እስክትውጥ ጠበቅን።

«እየበላሁት አይደል» አለች።